ጎዶሎ ጠፍታለች

ኅዳር 18

ይድረስ ለእህቴ ልጅ፣ ለመምህርቷ፣

እንዴት ከረምሽ? እኔ ጉልበቴን ከቁጥር ካላስገባነው ደህና ነኝ። ደብዳቤሽ እጄ የገባው በአሥራ ሰባተኛው ቀን ነው። የዕቃ መኪናው ሾፌር ሱሪው ኪስ ውስጥ ከትቶ ረስቶት፣ ሚስቱ ልታጥብለት ስትል አገኘችው። እዚህ ስልክ እንደማይሠራ ታውቂያለሽ፤ ሬዲዮውም የቢሮ ነው። ስለዚህ «ጠፉብኝ» ብለሽ ከመውቀስሽ በፊት የሰውየውን ኪስ አስቢ።

የጠየቅሽኝን እሺ ብያለሁ። ልጆችሽ «ለመጥፋት የተቃረቡ የዱር እንስሳት» የሚለውን ዝርዝር ሸምድደው ከሚረሱ፣ አንዷን መርጠው ዓመቱን ሙሉ ቢከታተሉ ይሻላል። ግን አንበሳ ከፈለጋችሁ ሌላ አጎት ፈልጊ። እኔ የምጠብቀው የዱር አህያ ነው። እንደሚስቁ አውቃለሁ፤ ይሳቁ። ሲጨርሱ ግን የሜዳ አህያ አለመሆኗን ንገሪያቸው። የሜዳ አህያ ገላዋ በሙሉ ዝንጉርጉር ነው። የኛዋ መስመር ያላት እግሯ ላይ ብቻ ነው፤ ካልሲ ያደረገች ትመስላለች።

እዚህ ጥበቃ ስቀጠር ስልሳ ሁለት ነበሩ። ሠላሳ ዓመት ሆነኝ፤ ዛሬ ሰባት ናቸው። ሰባ ብለሽ እንዳታነቢው፣ ሰባት ነው ያልኩት። አንዱን ከሌላው የምለየው በእግራቸው መስመር ነው፤ የአንዱ ከሌላው አይገጥምም። ደብተር ላይ እስላቸዋለሁ። ለክፍልሽ የመረጥኳት ሴቷን ነው። ሌሎቹ ግራ የፊት እግራቸው ላይ ስምንት መስመር አላቸው፤ እሷ ሰባት አላት፣ ስምንተኛው መሃል ላይ ተቋርጧል። ስለዚህ ጎዶሎ አልኳት። አርግዛለች፤ መጋቢት ላይ ትወልዳለች ብዬ አስባለሁ። ሥዕሉን አያይዣለሁ።

«እኔ ከሞትኩ ሰርዶ አይብቀል አለች አህያ» የሚለው ተረትስ እውነት ነው ወይ ላልሽኝ፣ አህያ እንዲህ ስትል ሰምቼ አላውቅም። ሰው ግን ሲል ሰምቻለሁ።

አጎትሽ


ታኅሣሥ 10

ጋሼ፣

በአርባ ስድስት ልጅ ጩኸት መሃል ሆኜ ነውና የምጽፈው፣ ሰላምታዬ ቢቆራረጥ ይቅር ይበሉኝ። ጉልበትዎ እንዴት ነው? ቅባቱን ልኬያለሁ፤ ሾፌሩ ኪሱ ውስጥ እንዳይከተው ካርቶን ውስጥ አድርጌዋለሁ።

እንዳሉት ሳቁ። እኔ ያላሰብኩት ከሳቁ በኋላ የሆነውን ነው። ክፍሌ ውስጥ «ነባሯ» የምንላት ልጅ አለች፤ አራተኛ ክፍልን ስትደግም ዘንድሮ ሦስተኛዋ ነው። ከሁሉም በቁመት ትበልጣለች፣ የመጨረሻው ዴስክ ላይ በመስኮቱ በኩል ትቀመጣለች፣ ማንበብም አትችልም። እኔ በሌለሁበት አህያ ይሏታል። ደብዳቤዎን ሳነብላቸው «አህያ» የሚለው ላይ ክፍሉ በሙሉ ዞሮ እሷን አያት። ምን ዓይነት ጅል መምህር ነኝ ብዬ አፈርኩ። እሷ ግን እጇን አወጣች። ሁለት ዓመት ሙሉ እጇን አውጥታ አታውቅም።

«ስንት ቀሩ ነው ያሉት?» አለችኝ።

«ሰባት።»

«እኛ አርባ ስድስት ነን» አለች። ያን ቀን የሳቀ የለም።

ከዚያ ወዲህ ጎዶሎ የሷ ሆናለች። የእግሯን መስመር በካርቶን ላይ ስላ ከጥቁር ሰሌዳው አጠገብ ሰቅላለች። ደብዳቤዎን እኔ ካላነበብኩ ብላ ያዘችኝ። ጣቷን ፊደሉ ሥር እያስኬደች አንዱን ገጽ በአርባ ደቂቃ ትጨርሳለች፤ ሌሎቹም ጎዶሎ ምን እንደሆነች ማወቅ ስለሚፈልጉ ዝም ብለው ይጠብቋታል። እባክዎ ፊደሉን ተለቅ ያድርጉልን። አክስቷ ዘንድሮ ከወደቀች ከትምህርት ቤት አስወጥቼ ሥራ አስገባታለሁ ብላለች። ጋሼ፣ ይህቺ ልጅ እያነበበች ነው። ያቃተኝን ነገር የርስዎ አህያ እየሠራችልኝ ነው።

አንድ ያስቸገረኝ ነገር ልንገርዎ። ስለ መጥፋት ሳስተምር ነባሯ «ከጠፉ ለምን አንፈልጋቸውም?» አለች። እዚህ ላይ ጠፋ ማለት ሞቶ ማለቅ ነው ብዬ አስረዳኋት። አልተቀበለችኝም። «የሞተ ሞተ ነው የሚባለው። ጠፋ የሚባለው የሚፈለግ ነው» አለች። ደወሉ አዳነኝ።

የእህትዎ ልጅ


ጥር 2

ልጄ፣

ለቅባቱ እግዜር ይስጥልኝ። ፊደሉን አተልቄዋለሁ፤ ወረቀት ቢያልቅብኝ ተጠያቂዋ ነባሯ ናት።

ዘነበ ወይ ማለትሽ አይቀርምና፣ አልዘነበም። ደመናው በየቀኑ ይመጣል፤ እንደ ቢሮ ሰዎች ነው፣ አይቶን ይሄዳል። ከሦስቱ ጉድጓዶች ሁለቱ ደርቀዋል። የቀረው እኔ ቤት አጠገብ ያለው ነው፤ አፉ በሲሚንቶ የተሠራ፣ የብረት ክዳን ያለው፣ ገንዳውም ከሥሩ። ቀን ሙሉ በባልዲ እየሳብኩ ገንዳውን እሞላለሁ። የዱር አህዮቹ ይጠጣሉ፣ ከታች የሚመጡት አርቢዎች ፍየሎቻቸውን ያጠጣሉ። አትከልክል እንዳትይኝ፤ እነሱም ይጠማቸዋል። ከሁሉም በላይ የምትጠጣው ግን ፀሐይ ናት። የዕቃ መኪናው ውሃ እንዲያመጣ በየጠዋቱ በሬዲዮ እለምናለሁ። «መዝግበናል» ይሉኛል። ሲመዘግቡ ሁለት ወር ሆናቸው።

እስቲ ልጆቹን ጠይቂያቸው። በዚህ ጉድጓድ እስከ ዝናቡ ለመድረስ እነሱ ቢሆኑ ምን ያደርጋሉ? የቀልድ ጥያቄ እንዳይመስልሽ።

አጎትሽ


ጥር 19

ጋሼ፣

ሁለት ክፍለ ጊዜ ሙሉ ተከራከሩ። ዳይሬክተሩ በመስኮት አይቶን «ፈተናው ላይ ይህ አይመጣም» ብሎኝ ሄደ። አንዱ ጉድጓዱ ይጠለቅ አለ፣ ሌላው ደመናው በድንጋይ ይመታ አለ። መጨረሻ ላይ ነባሯ ተነሳች። የትምህርት ቤታችን ቧንቧ ጓጉንቸር አለው፤ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይና ቀትር ላይ ብቻ ይከፈታል። ድሮ ቀኑን ሙሉ ክፍት ሳለ ታንከሩ እሮብ ላይ ያልቅ ነበር፤ አሁን እስከ ዓርብ ይደርሳል። «ጎዶሎም ሰዓቷን ትልመድ» አለች። «እኛም ለምደናል።»

ተነጋግረው ሰዓት መረጡ፦ ፀሐይ ሳትበረታ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት፣ ማታ አሥራ አንድ ሰዓት። በቀረው ጊዜ ገንዳው ባዶ፣ ክዳኑ ቁልፍ። ሰሌዳው ላይ በቀይ ጠመኔ ጽፈውታል፤ እንዳይጠፋም ዙሪያውን አስምረውበታል። እኔም ጥሩ ሐሳብ ነው ብያለሁ። ርስዎ ምን ይላሉ?

የእህትዎ ልጅ


የካቲት 3

ልጄ፣

አርባ ስድስት አለቃ ሰጥተሽኛል፤ ከቢሮዎቹ ግን ይሻላሉ። ጓጉንቸሩን ሾፌሩ አመጣልኝ። ቁልፉ አንገቴ ላይ ነው። አርቢዎቹም ሰዓቱን ተስማምተውበታል።

በሦስተኛው ቀን ስድስቱ ለመዱት። ባልዲው ክዳኑን ሲመታ ሲሰሙ ከቁጥቋጦው ይወጣሉ። ጎዶሎ ሁልጊዜ መጨረሻ ናት፤ ሆዷ ከብዷት በዝግታ ነው የምትሄደው። ከሌሎቹ በኋላ ብቻዋን ትጠጣለች፣ እኔም እስክትጨርስ እቆማለሁ። ውሃው በፊት በቀን አንድ ጣት ይቀንስ የነበረው አሁን በሁለት ቀን ነው። ለነባሯ ንገሪያት። የተማረ ሰው ያልነገረኝን ነው የነገረችኝ።

ስለ ጤናዬ ደጋግመሽ አትጠይቂኝ። ደህና ነኝ።

አጎትሽ


የካቲት 27

ልጄ፣

ይህን በችኮላ ነው የምጽፈው፤ መኪናው ሊነሳ ነው።

ጎዶሎ ጠፍታለች። ለልጆቹ እንዲህ ብለሽ ንገሪያቸው። ስድስቱ ደህና ናቸው። አልዘነበም።

አጎትሽ


መጋቢት 9

ጋሼ፣

ደብዳቤዎ አጠረብኝ። ሦስት ጊዜ ገለባበጥኩት። ታመዋል እንዴ?

ያነበበችው ነባሯ ናት። ሁለት ደቂቃ አልፈጀባትም። «ጠፍታለች» ስትል ልጆቹ ማልቀስ ሊጀምሩ ነበር፤ እሷ ግን ወረቀቱን አጣጥፋ «እንግዲያው እንፈልጋት» አለች። ላስቆማቸው አልቻልኩም፣ ልዋሽዎት አልፈልግም፣ ማስቆምም አልፈለግኩም። አርባ ስድስት ማስታወቂያ ጻፉ። «ጠፍታለች። ስሟ ጎዶሎ ነው። ቀለሟ ግራጫ ነው። ግራ የፊት እግሯ ላይ ሰባት ተኩል መስመር አላት። እርጉዝ ናት። ያያት ለአራተኛ ክፍል ይንገር።» መብራት ምሰሶው ላይ፣ ፋርማሲው በር ላይ፣ አውቶቡስ ማቆሚያው ላይ ለጥፈዋል። ነባሯ ብቻዋን ስምንቱን ጻፈች፤ አንድ ፊደል አልሳተችም።

ሰው ያስቆመኛል። «መምህር፣ አህያዋ ተገኘች?» ይለኛል። ግማሹ እያሾፈ ነው፣ ግማሹ ከልቡ ነው።

ጠምቷት ይሆናል ብለው እያንዳንዳቸው አንድ ጠርሙስ ውሃ ከቤታቸው አምጥተዋል። በዚህ መኪና ልኬዋለሁ። ስትገኝ ይስጧት ብለዋል።

ጋሼ፣ የት ጠፋች? ማን ነው መጨረሻ ያያት? ፍለጋ ሄደዋል? አንድ መስመርም ቢሆን ይጻፉልኝ። መጠበቅ እችላለሁ፤ በር ላይ ቆሞ መጠበቅ ከልጅነቴ የለመድኩት ነው። እነሱ ግን አልለመዱም። በየጠዋቱ ስገባ ከመቀመጣቸው በፊት ፊቴን ያዩታል።

የእህትዎ ልጅ


መጋቢት 18

ልጄ፣

ይህን ለክፍል እንዳታነቢ። ፊደሉን ያሳነስኩት ለዚያ ነው።

ጠርሙሶቹ ደርሰውኛል። ሾፌሩ ለአንድ ጊዜ እንኳ ምንም ሳይረሳ፣ አንዱም ሳይፈስ አመጣቸው። ሁሉም ላይ ስም አለ። የነባሯ ላይ «ለጎዶሎ፣ ስትገኝ» ይላል። አልጋዬ ላይ ደርድሬያቸው ተቀመጥኩ። ከዚያ በኋላ መዋሸት አልቻልኩም።

ጎዶሎ ሞታለች። «ጠፍታለች» ብዬ ስጽፍልሽ ከሞተች ሁለት ቀን ሆኗት ነበር። ጠፋ ማለትም ሞተ ማለት ነው ብለሽ ታስተምሪያቸው የለ? ውሸት አይደለም ብዬ ራሴን ሸነገልኩት። ነባሯ ያንን ቃል እንዴት እንደምትሰማው ግን አውቅ ነበር። አውቄ ነው የጻፍኩት። አንድ ሳምንትም ቢሆን ተስፋ ያድርጉ ብዬ።

እንዴት እንደሆነ ልንገርሽ። ማታ አልመጣችም። በማግስቱ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ስድስቱ መጡ፣ እሷ አሁንም የለችም። እስከ ሁለት ሰዓት ጠበቅኩ። ከዚያ የተረፈውን ውሃ ወደ ጉድጓዱ መለስኩ፣ ክዳኑን ቆለፍኩና ልፈልጋት ወጣሁ። ልብ አድርጊልኝ፣ ቆልፌ የሄድኩት እሷን ልፈልግ ነው። እኔ በላይኛው መንገድ ስሄድ እሷ በታችኛው መጥታለች። ኮቴዋን በኋላ አየሁት፤ ቀትር ላይ ነው የደረሰችው። ስመለስ ገንዳው ሥር ተኝታለች፣ አፏ ክዳኑ ላይ ነው። ብረቱን ስትልስ ነበር። ያ ብረት በዚያ ሰዓት እጅ አያስነካም። ከአፏ እስከ ውሃው ሁለት ክንድ አይሞላም።

ሆዷ ውስጥ ያለው ለጥቂት ጊዜ ይንቀሳቀስ ነበር። ቢላዋ ይዤ ቆምኩ፤ አልደፈርኩም። ከዚያ እሱም ተወው።

አሁን የምለምንሽ አንድ ነገር ነው። ሰዓቱን ያወጡት ልጆቹ ናቸው፤ የጠየቅኳቸው ግን እኔ ነኝ፣ የቆለፍኩትም እኔ ነኝ። ሠላሳ ዓመት የኖርኩት ሰውዬ እርጉዝ እንስሳ ሰዓት እንደማትቆጥር ላውቅ ይገባኝ ነበር። ጥፋቱ የኔ ነው። ይህ ሰዓት የሚባል ነገር ነባሯ ጆሮ እንዳይገባ።

አጎትሽ


ሚያዝያ 1

ልጄ፣

ሁለት ደብዳቤ በአንድ ቀን ደረሰኝ። መጀመሪያ የተቆጣሽበትን አነበብኩ፤ የሚገባኝ ነው። ቀጥሎ የለመንሽኝን አነበብኩ። እሱ ባሰብኝ።

«ከተራራው ወዲያ ተሻግራ ወልዳለች ብለው ይጻፉ፤ ፈተናው እስኪያልፍ ብቻ» ብለሻል። አንድ ውሸት ብቻ፣ ለአንዲት ልጅ ብለሽ። እውነትሽን ነው፤ ልጅቷ ማንበቧን አሁን ካቆመች አክስቷ ትወስዳታለች፣ ተመልሳም አትመጣም። ሦስት ቀን አሰብኩበት። ወረቀቱንም ጀምሬው ነበር። «ለውድ አራተኛ ክፍል፣ የምሥራች» ብዬ ጻፍኩና እጄ እንቢ አለኝ።

ላስታውስሽ ያልፈለግኩትን ላስታውስሽ። አባትሽ የሞተ ጊዜ ስድስት ዓመትሽ ነበር። እናትሽ መናገር አቅቷት እኔን ንገራት አለችኝ። እኔ ደግሞ «መንገድ ሄዷል» አልኩሽ። ደግ ነገር የሠራሁ መስሎኝ ነበር። በር ላይ ስንት ዓመት ቆምሽ? ሌላ ሰው ሞቷል ብሎ ሲነግርሽ አላመንሽውም፣ እኔን ነበር ያመንሽኝ። ይቅርታ ብዬሽ አላውቅም። አሁን ይቅር በይኝ። ግን ያቺን ልጅ መስኮቱ ላይ አላቆማትም። ሞቷል ተብሎ የተነገራት ልጅ ታለቅሳለች። መንገድ ሄዷል ተብሎ የተነገራት ግን ማልቀሻዋን እንኳ አጥታ ትኖራለች። አንቺ ታውቂዋለሽ።

ለልጆቹ የጻፍኩት ለብቻው ነው፤ ፊደሉ ትልቅ ነው፣ ቃሉም ቀላል ነው። ሞታለች ብያለሁ። ክዳኑን ቆልፌ ሄጄ ቀትር ላይ መጥታ እንደሞተች ነግሬያቸዋለሁ። ስለ ሰዓቱ አንድ ቃል አላነሳሁም። አንቺም አታንሺ።

ዝናብ የለም። ውሃው አንድ ክንድ ቀርቷል። ጓጉንቸሩ አሁንም ክዳኑ ላይ ነው፤ ብከፍተው ያልቃል፣ ብቆልፈው ያየሁትን አይቻለሁ። በየጠዋቱ ቁልፉን አንገቴ ላይ ሳጠልቀው እጄ ይከብደኛል። ቢሮው ትናንት «መዝግበናል» አለኝ። የጎዶሎን ስም መዝግቡ አልኳቸው፤ ስም አንመዘግብም፣ ቁጥር ንገረን አሉኝ። ስድስት አልኳቸው።

የልጆቹን ጠርሙሶች አልነካኋቸውም። ምን ላድርጋቸው?

አጎትሽ


ሚያዝያ 14

ለጋሼ የእንስሳት ጠባቂው፣

እንደምን አሉ? እኔ ነባሯ ነኝ። ይህን የጻፍኩት ራሴ ነኝ። መምህራችን ፊደል ብቻ አረመችልኝ። ሦስት ቀን ፈጀብኝ።

ደብዳቤዎን መምህራችን እኔ ላንብበው አለች። እኔ እንቢ አልኩ። «ሞታለች» የሚለው ላይ ስደርስ ቆምኩ። ማንበብ አቅቶኝ አይደለም። ከዚያ እስከ መጨረሻው አነበብኩት። ሁሉም አለቀሱ። መምህራችን ከኛ በላይ አለቀሰች። አባቴ ትዝ ብሎኝ ነው አለች።

ማስታወቂያዎቹን ዞረን አነሳናቸው። ፋርማሲው በር ላይ አንድ ሰውዬ ለምን ታነሳላችሁ፣ ተገኘች እንዴ አለን። ሞታ ተገኘች አልነው። ሰውየው ባርኔጣውን አወለቀ።

ርስዎ ጥፋቱ የኔ ነው ብለዋል። ቀትር ላይ መጣች ብለዋል። ቀትር ስድስት ሰዓት ነው። ሰሌዳችን ላይ በቀይ የተጻፈው ሰዓት አሥራ ሁለትና አሥራ አንድ ነው። ያንን ሰዓት ያመጣሁት እኔ ነኝ። ለምን እንዳልጻፉት ገብቶኛል። አርባ ስድስታችንም ገብቶናል። አንዱ ልጅ ተነስቶ ሰዓቱን በእጁ አጠፋው፤ ሌላው ደግሞ መልሶ ጻፈው። አይጥፋ አለ። አሁንም አለ።

አክስቴ ፈተናው እስኪያልፍ ትቆይ ብላለች። ከዚያ በኋላ ያለውን አላውቅም።

ጠርሙሶቹን ለስድስቱ ይስጧቸው። ሲያልቁ ባዶውን ይላኩልን፤ ሞልተን እንልካለን። የትምህርት ቤቱ ቧንቧ ቁልፍ ስለሆነ ከቤት ነው የምናመጣው።

አሁን አንድ ልመና አለን። ጓጉንቸሩን ይላኩልን፤ ጉድጓዱ ሳይቆለፍ ይቆይ። ውሃው ሲያልቅ የሚሆነውን አብረን እናያለን። ቁልፉን ብቻ እንዳይልኩ፣ ጓጉንቸሩንም ይላኩ። ጓጉንቸር ያለ ቁልፍም ይዘጋል።

ነባሯ፣ ስለ አራተኛ ክፍል